«የሰይጣን ከተማ» የተባለው የካፋ ደን

በአገራችን አንድ የታወቀ ተረት አለ። መንገደኛ በጫካ መሐል ይመሽበታል። ከሩቅ መብራት ያያል፤ ሲጠጋ ከተማ ነው። ከበሮ ይመታል፣ ድግስ ተደግሷል፣ «ግባ፣ እረፍ» ይሉታል። በልቶ ጠጥቶ ይተኛል። ሲነጋ ግን ከተማ የለም፤ ራሱን ከዛፍ ሥር ያገኘዋል። ተረቱን እያንዳንዱ አውራጃ በየራሱ ገደልና ጫካ ይተርከዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን እንዲህ ያለውን ከተማ የት እናስቀምጠው ሲባል ጣት የሚቀሰረው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው። በአንድ የቡና ጨዋታ ላይ አንድ የሙያ ባልደረባዬ፣ ሕግ የተማረ ጎልማሳ፣ «ካፋ ውስጥ ሰው የማይገባበት የሰይጣን ከተማ አለ አሉ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ማን እንዳለው ብጠይቀው «ሁሉም ይላል» አለኝ። «ሁሉም ይላል» በፍርድ ቤት ማስረጃ እንዳልሆነ እሱም ያውቃል።

ሆኖም ነገሩ ከባዶ የተነሣ አይደለም። በካፋ ሰው እንደፈለገ የማይገባባቸው፣ ዛፍ የማይቆረጥባቸው፣ ባለቤት አላቸው ተብለው የሚፈሩ ቦታዎች በእርግጥ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ካፋ ውስጥ የጠፋ ከተማም በእርግጥ ነበረ። አሉባልታው እነዚህን ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ላይ አደባልቆ «የሰይጣን ከተማ» አላቸው። እኔም ሁለቱን ለይቼ ለማስረዳት ልሞክር፤ ጉዳዩ ተረት ብቻ ሆኖ የሚቀር ስላልሆነ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። በካፋ አሮጌው እምነት የበላዩ ፈጣሪ የሮ ይባላል። ከእሱ በታች የየቦታው፣ የኮረብታው፣ የወንዙ፣ የደኑ ባለቤት የሆኑ መናፍስት አሉ፤ ቆሎ ወይም ቆሌ ይሏቸዋል። ቆሌ ለአማርኛ ተናጋሪውም እንግዳ ቃል አይደለም። የተዋረደን ሰው «ቆሌው ተገፈፈ» እንላለን፤ ሞገስ ያጣን ቤት «ቆሌው ራቀው» እንላለን። ያንን ስንል ሰይጣኑ ለቀቀው፣ እንኳን ደስ አለህ ማለታችን አይደለም። ተቃራኒውን ነው። በእኛ አፍ ክብርና ሞገስ የሆነው ቃል ጎጀብን ሲሻገር ሰይጣን የሚሆንበት ምክንያት ለእኔ ግልጽ አይደለም። ሰሜኑ አድባር፣ ውቃቢ እያለ ዛፍ ሥር ቡና ሲያፈላና ቅቤ ሲቀባ ኖሯል፤ ጎንደሬውንም ሸዌውንም ግን በዚህ ምክንያት «የሰይጣን ከተማ ሰው» ያለው የለም።

የቦታው ቆሌ ዝም ብሎ የሚፈራ አይደለም፣ የሚከበርበት ሥርዓት አለው። ደጆ ይባላል። የአካባቢው ሰው በወቅቱ ወደ ታወቀው ስፍራ ይሄዳል፤ ስፍራው ብዙውን ጊዜ ትልልቅ ዛፎች ያሉበት የደን ቁራጭ ነው። ከምርቱ፣ ከማሩ፣ ከከብቱ ያቀርባል፤ ለዝናቡ፣ ለአዝመራው፣ ለልጁ ይለምናል። ጎረቤት ሸካም ተመሳሳይ ሥርዓት አለው፤ እዚያ የተከለሉትን ደኖች ጉዶ ይሏቸዋል። ከሥርዓቱ ጋር የሚሄደው ክልከላ ነው እኔን እንደ ሕግ ሰው የሚስበኝ። አትቁረጥ፣ እሳት አታንድድ፣ አትረስ። ቅጣቱን የሚያስፈጽም ፖሊስ የለም፤ ቅጣቱ በሽታ ወይም ድርቅ ሆኖ እንደሚመጣ ሁሉም ስለሚያምን ክልከላው ይከበራል። የደን ጥበቃ ሠራተኛ ቀጥሮ ደመወዝ የከፈለ መንግሥት የዚህን ዋጋ ቢያሰላው ይገርመዋል።

ሌላው የሥርዓቱ አካል ኤቆ ነው። ኤቆ የዘር መንፈስ ነው፤ የጎሳው አባቶች መንፈስ በአንድ ሰው ላይ ያድራል ተብሎ ይታመናል። የሚያድርበትን ሰው አላሞ ይሉታል፤ በዕለት ተዕለት ንግግር ግን ሰውየውንም ኤቆ ማለት የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ካፋ ተቀምጦ ያጠናው አሜሪካዊው የሥነ ሰብዕ ተመራማሪ አምኖን ኦረንት በ1969 ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ በዚሁ ላይ ነው፤ የጎሳ አወቃቀሩና የመናፍስቱ ተዋረድ እንዴት እንደተያያዙ ያሳያል። ልጁ የታመመበት፣ ከብቱ ያለቀበት፣ ከወንድሙ የተጣላ ወደ አላሞው ቤት ይሄዳል። አላሞው በመንፈሱ አፍ ያጠፋውን ይነግረዋል፤ ካስ ይለዋል፣ ታረቅ ይለዋል።

ይህንን ስሰማ ወደ አእምሮዬ የመጣው የጋኔን ጉባኤ ሳይሆን ችሎት ነው። ስዊድናዊው ካርል ኤሪክ ክኑትሰን እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ሜጫ ኦሮሞ ቃሉዎች ሲጽፍ የቃሉው ግቢ ሙግት የሚሰማበትና ዕርቅ የሚፈጸምበት ቦታ መሆኑን አሳይቷል። የካፋውም ከዚሁ የሚርቅ አይመስለኝም። ፍርድ ቤቱ ሩቅ፣ ቋንቋው የማይገባው፣ ዳኛው የማያውቀው ለሆነበት ገበሬ የሚቀርበው የአላሞው ቤት ነበር። እዚህ ላይ ግን ነገሩን ማሳመር አያስፈልግም። አላሞ መሬት ነበረው፣ ስጦታ ይቀበል ነበር፣ ሰው ይፈራው ነበር። ፍርሃት ባለበት ሁሉ ደግሞ ከድሀ ላይ በሬ የሚወስድ አይጠፋም። የወንጀል ሕጋችን የአታላይነትን ድርጊት በአንቀጽ 692 ይቀጣል፤ ያ አንቀጽ ለአላሞም፣ ለደብተራም፣ በአዳራሽ ውስጥ የፈውስ ገንዘብ ለሚሰበስበውም እኩል ነው። አንዱን «ባለ ጋኔን»፣ ሌላውን «ባለ ጸጋ» ብሎ የሚለይ አንቀጽ በሕጉ ውስጥ የለም።

አሁን ወደ ጠፋው ከተማ ልለፍ።

ከተማው አንደራቻ ይባላል። ከዛሬዋ ቦንጋ ብዙም የማይርቅ የካፋ ነገሥታት መቀመጫ ነበር። መንግሥቱ ለራሱ የታጠረ ነበር። ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮለታል፣ ከቦዩ ውጭ ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ተትቶለታል፣ መግቢያው በተወሰኑ በሮች ብቻ ነው። ታቶ የሚባለው ንጉሥ እንደልብ የሚታይ ሰው አልነበረም፤ ሲበላና ሲጠጣም ሕዝብ አያየውም። አጠገቡ ሚክሬቾ የሚባል ሰባት አባላት ያሉት ምክር ቤት ነበር። የውጭ ነጋዴ ቦንጋ ገበያ ድረስ ይመጣል፤ ከዚያ አልፎ እንደልቡ መዘዋወር አይችልም። ጣሊያናዊው ካቶሊክ ሚሲዮናዊ ጉልዬልሞ ማሳያ እ.ኤ.አ. ከ1859 እስከ 1861 ካፋ ቆይቶ ተባርሮ ወጥቷል። በበሩ መልስ የተባለ ሁሉ ስለ ውስጡ የራሱን ታሪክ ይፈጥራል። እንዲህ ያለ አገር ስሙ በሩቁ ምስጢራዊ ቢሆን አይገርምም።

በ1889 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት፣ ከደጃዝማች ተሰማ ናደውና ከሌሎችም ጋር፣ ካፋ ገባ። ጦርነቱ ወራት ፈጀ። የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በየደኑ እየተሸሸጉ ቆይተው በ1890 ዓ.ም. መባቻ (እ.ኤ.አ. በመስከረም 1897) ተያዙ። አንደራቻ ተቃጥሏል። ንጉሡ በብር ሰንሰለት ታስረው ጎጀብን ሲሻገሩ ቀለበታቸውን ከወንዙ ጣሉት፣ የካፋ ንግሥናም እዚያ ቀረ ተብሎ ይነገራል። ወደ አገራቸው ሳይመለሱ እ.ኤ.አ. በ1919 አርፈዋል።

ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያ ያለፈው ሩሲያዊ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች፣ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ (ዛሬ ቱርካና የምንለው) ሲጓዝ፣ ሰው የተመናመነበትን፣ መንገዱ በቁጥቋጦ የተዋጠውን፣ የሰው አጥንት የተበተነበትን አገር ገልጿል። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። በደን መሐል ባዶ የቀረ ከተማ፣ ሣር የበቀለበት የቤተ መንግሥት ግቢ፣ ሌሊት ማንም የማያልፍበት ቦታ። ለዚህ ሁሉ ጋኔን አያስፈልግም፤ ዘመቻ ይበቃል።

ይሁን እንጂ ምስጢሩ በሌላ አቅጣጫ ቀጠለ። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ቢበር እ.ኤ.አ. በ1905 እና በ1909 ካፋን ጎብኝቶ፣ ያገኛቸውን ሽማግሌዎች ጠይቆ፣ በ1920 እና በ1923 ሁለት ትልልቅ ጥራዞች አሳተመ። ይህ ሥራ ዛሬም የካፋን የጥንት ሥርዓት ለሚያጠና ሁሉ መነሻ ነው። ጀርመናዊው ማክስ ግሩል በ1929 ባወጣው መጽሐፍ ግን የካፋን ንጉሥ በርዕሱ ሳይቀር «አምላክ ንጉሠ ነገሥት» አደረገው። የቢበር ልጅ ኦቶ ደግሞ በ1948 ያሳተመውን መጽሐፍ «ምስጢራዊው ካፋ» ብሎ ሰየመው። አባትየው ሕግጋቱን፣ ሹመቱን፣ የእርሻ መሣሪያውን አንድ በአንድ መዝግቦ ነበር፤ ገበያው የፈለገው ግን ምስጢሩን ነው። እኛም ከመጽሐፉ ይልቅ ርዕሱን የወረስን ይመስለኛል።

ዘውዱም የራሱ ታሪክ አለው። ምኒልክ የካፋን ዘውድ ለስዊሱ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡት፤ እሱም ወደ አገሩ ወሰደው። ዘውዱ ካልራቀ ካፋ ተመልሶ ይነሣል የሚል እምነት ስለነበረ ነው ይባላል። በ1947 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ ተመልሷል። እንግዲህ በመናፍስት ኃይል የሚያምነው የካፋ ገበሬ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ እኔን የሚከነክነኝ የማንጆ ጉዳይ ነው። ማንጆዎች በደን አጠገብ የሚኖሩ፣ ቀድሞ በአደን የታወቁ፣ በኋላም እንጨትና ከሰል እየሸጡ የሚተዳደሩ ወገኖች ናቸው። በመንግሥቱ ዘመን የአገሩን በሮች ይጠብቁ ነበር። ማለትም የውጭው ሰው ከምስጢራዊው አገር ፊት የሚያገኘው የመጀመሪያ ሰው ማንጆ ነበር። ከሌላው ካፋ ጋር ግን በአንድ ማዕድ አይቆርሱም፣ አይጋቡም፣ ቤት ሲገቡ ከደጃፍ ማለፍ አይፈቀድላቸውም ነበር። ጦጣና የዱር አሳማ ይበላሉ ተብለው ይናቃሉ። ነገሩ በከተማውና በትምህርት ቤቱ አካባቢ ላላ ቢልም አልጠፋም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል፤ አንቀጹ ግን ማዕድ ድረስ አይዘልቅም። ደኑን የሰይጣን ከተማ ስንለው ከተማ ያለ ነዋሪ አይሆንምና ነዋሪ እንፈልግለታለን። ያን ጊዜ ስሙ የሚለጠፈው በደኑ ዳር በሚኖረው ድሀ ላይ ነው። በሰሜን «ቡዳ» እያልን በሸክላ ሠሪውና በቀጥቃጩ ላይ ያደረግነው ይኸው ነው።

«ሰይጣን» የሚለው ስም ራሱ ከየት መጣ? ክርስትና ለካፋ የትናንት እንግዳ አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ገብቶ፣ ከዚያም ከማዕከሉ ተቆርጦ ለረጅም ጊዜ ከአሮጌው እምነት ጋር ጎን ለጎን ኖሯል። ከ1890 ዓ.ም. በኋላ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በአዲስ ጉልበት ገባች፤ ካቶሊኩ ተመለሰ፤ ፕሮቴስታንቱ ተከተለ። ሁሉም ቆሌውን ከሰይጣን መደብ ውስጥ አስገቡት። የሃይማኖት ሰው በመድረኩ የፈለገውን ቢያስተምር መብቱ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ደርግ ደግሞ ሰይጣን የሚለውን ቃል ትቶ «ጎጂ ባህልና አጉል እምነት» አለው፤ ውጤቱ ያው ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 መሬት የሕዝብ ሲሆን የጎሳና የአላሞ ይዞታ አበቃ። ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅለው ሰው ኮቦ የሚለው፣ ከአባቱ የወረሰው የደን ድርሻም በሕግ ፊት ባዶ ሆነ።

የሆነው ሆኖ ደኑ ምን ሆነ? ቆሌው የወጣለት ደን ወዲያው ተራ እንጨት ይሆናል። በ1977 እና 78 ዓ.ም. በመንግሥት ሠፈራ ከወሎና ከሌላም የመጡ ወገኖች የቦታውን ክልከላ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም፤ በእነሱ አይፈረድም። ከዚያም የሻይና የቡና ልማት መጣ። ከቦንጋ አጠገብ ዉሽዉሽ ላይ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋውን የሻይ ማሳ ያየ ሰው፣ ውብነቱን ካደነቀ በኋላ ከዚያ በፊት ምን እንደነበረበት ቢጠይቅ መልካም ነው። አንዳንድ የደጆ ቦታ በእርሻ መሐል እንደ ደሴት ቆሞ ይታያል። ዛፎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ምክንያቱም ማንም አልነካቸውም።

ወደ ሕጉ ልመለስ። እነዚህ ቦታዎች ምን ጥበቃ አላቸው?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የሃይማኖትንና የእምነትን ነጻነት ሲደነግግ ቆሌን አላወጣም። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 የባህልና የታሪክ ቅርሶችን መንከባከብን የመንግሥት ኃላፊነት ያደርጋል፤ አንቀጽ 91 ደግሞ የተፈጥሮ ሀብትንና የታሪክ ቅርስን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጋውም ግዴታ ነው ይላል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ወረድ ስንል ግን ቀዳዳው ይታያል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚተረጉመው የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት በማድረግ ነው። የአክሱም ሐውልት ተጠርቧል፣ ላሊበላ ተፈልፍሏል። የደጆ ደን ግን ሰው የሠራው ሳይሆን ሰው ያልነካው ነው፤ ክብሩም ከዚሁ ይመነጫል። በትርጓሜው ቃል በቃል ከሄድን ከአዋጁ ውጭ ይወድቃል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 492 የሃይማኖት ሥነ ሥርዓትን የሚያውክን፣ ለሥርዓቱ የሚያገለግልን ቦታ የሚያረክስን ሰው ይቀጣል። ነገር ግን የሚጠብቀው «የተፈቀደ» ሥነ ሥርዓትን ነው። ደጆን የፈቀደ ማነው? የከለከለስ? እኔ የተፈጥሮ ትርጉሙን እወስዳለሁ፤ በሕግ ያልተከለከለ እምነት የተፈቀደ ነው እላለሁ። አንድ ዐቃቤ ሕግ በዚህ ክስ ያቀርባል ብዬ ግን አልጠብቅም።

በደን በኩል ያለው መንገድ ይሻላል። በቦንጋ አካባቢ አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ተጀምሮ፣ የደን ተጠቃሚ ማኅበራት ከመንግሥት ጋር ውል እየተዋዋሉ ደኑን ማስተዳደር ጀመሩ። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደግሞ የማኅበረሰብ ደንን ከመንግሥትና ከግል ደን ለይቶ አውቆታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ ካፋን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል፤ ስፋቱ ከ700 ሺህ ሔክታር በላይ ነው፤ የዱር ቡናው የሚገኝበት ደን በዚሁ ውስጥ ነው። ባዮስፌሩ ዋና ቀጠና አለው፣ የማይነካ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮም ቦንጋ የአዲሱ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ናት፤ ቢሮዎቹ ቅርብ ሆነዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 የማይዳሰሱ ቅርሶችን የመጠበቅ ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥም ገብታለች፤ ያ ስምምነት ከሥርዓቱ ጋር የተያያዘውን ቦታ ጭምር ያስባል።

ይሁን ቢባል ጥያቄዎች አሉ። ለአንድ የደጆ ደን የይዞታ ማረጋገጫ ይሰጥ ቢባል በማን ስም ይጻፋል? በአላሞው ስም ከሆነ ሲሞት ለልጆቹ ውርስ ይሆናል፤ ከልጆቹ አንዱ አማኝ ሆኖ ቢቆርጠውስ? በጎሳው ስም ከሆነ ጎሳ በሕጋችን ሰውነት የለውም። በቀበሌው ስም ከሆነ ሊቀ መንበሩ በተቀየረ ቁጥር የደኑ ዕድል ይቀየራል። ማንጆውስ፣ ደኑን ከማንም ይልቅ የሚያውቀው፣ በስብሰባው ላይ ይቀመጣል ወይስ እንደ ድሮው ከደጃፍ ይቆማል? በጎሳው ላይ የማይታመነው ክርስቲያን ጎረቤትስ የሌላውን እምነት ቦታ እንዲጠብቅ ሊገደድ ይችላል?

ለኋለኛው ጥያቄ መልሴ አጭር ነው፤ ማመን አይገደድም፣ አለመቁረጥ ግን ይገደዳል። የጎረቤቱን አጥር ለማክበር የጎረቤቱን ሃይማኖት መቀበል አላስፈለገውም። ለቀሩት ጥያቄዎች አዲስ አዋጅ መጠበቅ ጊዜ ማጥፋት ነው ባይ ነኝ። የደን ማኅበራቱ የራሳቸው መተዳደሪያ ደንብ አላቸው፣ ማሻሻልም ይችላሉ። እንዲህ የሚል አንድ አንቀጽ ቢገባበት ለጊዜው ይበቃል፦ «በማኅበሩ ደን ክልል ውስጥ የሚገኝ፣ በአካባቢው ሽማግሌዎች የደጆ ቦታ መሆኑ የተመሰከረ ስፍራ በማኅበሩ ካርታ ላይ ይከለላል፤ በክልሉ ውስጥ ዛፍ መቁረጥ፣ ከሰል ማክሰልና ማረስ የተከለከለ ነው፤ ሥርዓቱን መፈጸምም ሆነ አለመፈጸም የእያንዳንዱ አባል ፈቃድ ነው፤ ማንም አባል በትውልዱ ምክንያት ከክለላው ስብሰባ አይገለልም።»